«ሽቦዎቹ» የሚመልሱት

በዚህ ጋዜጣ ላይ ብዙ ጊዜ ስለ ታላላቅ ጉዳዮች ይጻፋል፤ ስለ አገር ዕድገት፣ ስለ ትምህርት ጥራት፣ ስለ ወጣቱ ኃላፊነት። እኛ ዛሬ የምናነሣው ግን በእስክሪብቶ ቀፎ ላይ ስለሚጠመጠም ሽቦ ነው። የነገሩ ትንሽነት አንባቢን ቢያስቀው አንቀየምም፤ እስከ መጨረሻው እንዲታገሠን ብቻ እንለምናለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሴሚስተር ከመካከላችን የአንዱ ሻንጣ በበር ላይ ሲፈተሽ ሦስት ሜትር ያህል የመዳብ ሽቦ፣ አንድ ፒንሳና በመድኃኒት ብልቃጥ የተሞላ ጨሌ ተገኘ። ጥበቃው ሽቦውን ብድግ አድርጎ «ይኸን ከየትኛው ግድግዳ ነቀልኸው?» ሲል ጠየቀ። ከኤሌክትሪክ ሠራተኛ ላይ የገዛነው ቁርጥራጭ መሆኑን ለማስረዳት ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ስንዞር የከሰዓት በኋላው ትምህርት አለፈን። በጥበቃው አንፈርድም፤ የመብራት ገመድ ከየመኝታ ቤቱ እየተነቀለ መጥፋቱን ሁላችንም እናውቃለን፣ ሰውዬውም ሥራውን ነው የሠራው። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ስማችን «ሽቦዎቹ» ሆኖ ቀረ። ስሙም ባልከፋን ነበር። የከፋን፣ በምግብ አዳራሽ ሰልፍ ላይ አንድ ጓደኛችን፣ ያውም በዚህ ዓመት የሚመረቅ፣ ጮክ ብሎ «ዩኒቨርሲቲ የገባችሁት ቀጥቃጭ ልትሆኑ ነው ወይ?» ማለቱ ነው። ሰልፉ ሳቀ። እውነቱን ለመናገር እኛም አብረን ሳቅን። ይህ ጽሑፍ የዚያን ዕለት በአፋችን ሳለ የዋጥነው መልስ ነው።

እኛ አምስት ነን፤ ሦስት ሴቶችና ሁለት ወንዶች፣ ሁላችንም የደብረ ሲና ልጆች። ደብረ ሲናን የማያውቅ ቢኖር፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ሲጓዝ 190 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን ያስቆፈረውን የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ፣ በጉሙ ውስጥ እየተጠማዘዘ የሚወርድበት የመጀመሪያው ከተማ ነው። መኪናው ሲቆም በየመስኮቱ ሥር እጅ ይዘረጋል። ቆሎ! ቆሎ! የደብረ ሲናን ቆሎ ያልበላ መንገደኛ በዚያ መንገድ አለፈ ለማለት ያስቸግራል። ብዙዎቻችን ደብተርና ዩኒፎርም የተገዛልን በዚህ ቆሎ ነው።

ሥራውን የጀመርነው በአንድ ክረምት ነው። ትምህርት ዘግቶ ቤታችን ተቀምጠን፣ ለመመለሻ የሚሆን የትራንስፖርትና የደብተር ገንዘብ ከወላጅ መጠየቅ የሚያሳፍረን ዕድሜ ላይ ደርሰን ነበር። በመኪና መስኮት በአምስት ደቂቃ ውስጥ ምን ይሸጣል ብለን አሰብን። የማይከብድ፣ የማይሰበር፣ የማይበላሽ፣ ርካሽ ነገር መሆን አለበት። ከመካከላችን አንዷ ከቁርጥራጭ ሽቦና ከእናቷ አሮጌ ጨሌ አንድ ጥንድ ጉትቻ ሠርታ በጆሮዋ አንጠልጥላ ስትመጣ መልሱ በዚያው ተገኘ።

ይህ አገር ለጨሌና ለመዳብ እንግዳ አይደለም። ከአንኮበር በታች ያለችው አልዩ አምባ በ19ኛው መቶ ዓመት የሸዋ ትልቅ ገበያ ነበረች። ከታጁራ ወደብ ተነሥቶ የአፋርን በረሓ አቋርጦ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ጨሌ፣ መዳብና ጨርቅ አምጥቶ ቡና፣ የዝሆን ጥርስና፣ መደበቅ የማይገባው ነገር ነውና፣ ሰውንም ጭምር ገዝቶ ይመለስ ነበር። የእንግሊዙ ሻምበል ሐሪስ በ1841 እ.ኤ.አ. ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መልእክተኛ ሆኖ ሲመጣ የወጣው በዚሁ ዳገት ነው። በዚያ ዘመን በአፍሪካ ገበያዎች ይዘዋወር የነበረው ጨሌ አብዛኛው በቬኒስና በቦሄሚያ የተሠራ ነው። አያቶቻችን በአንገታቸው ያሰሩትና ዛሬ «የጥንት የባህላችን» እያልን የምንኮራበት ጨሌ ባሕር ተሻግሮ የመጣ መሆኑን ስናውቅ በመጀመሪያ ቅር ብሎን ነበር። ኋላ ስናስበው ግን የእኛ የሆነው ጨሌው ሳይሆን አሰካኩ፣ የቀለሙ አመራረጥና ከዛጎል፣ ከብርና ከክታብ ጋር የተጣመረበት መንገድ መሆኑ ገባን። ይህን የሚጠራጠር ሰው እሑድ ቀን ሰንበቴ ገበያ ይውረድ። አፋሩም፣ አርጎባውም፣ ኦሮሞውም፣ አማራውም በሚገናኙበት በዚያ ሜዳ ላይ የአንዷ የአንገት ጨሌ ከሌላዋ ጋር አይመሳሰልም፤ ከየትኛው ወገን እንደመጣች አንድ ቃል ሳትናገር ጌጧ ይናገርላታል።

እንግዲህ ያን መዳብና ያን ብር የሚሠራው ማን ነበር? ወርቅና ብር የሚያቀልጠው አንጥረኛ፣ ብረት የሚመታው ቀጥቃጭ ተባለ፤ ሁለቱም በአንድነት ጠይብ ተብለው ማረሻውንም፣ ጦሩንም፣ የሙሽራዋን አንባርም ሠርተው ከሰጡ በኋላ «ቡዳ» ተብለው ከማዕድ ተለዩ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ እንዲቀር በአዋጅ እስከመከልከል ደርሰዋል። ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ። አዋጁ ግን እስከ ምግብ አዳራሻችን ሰልፍ ድረስ ገና አልደረሰም። ጓደኛችን ክፉ ሰው አይደለም፤ ስለ ሠርቶ አደር ክብር በክርክር መድረክ ላይ ሲናገር ያጨበጨብንለት ሰው ነው። ስድቡ በአፉ ላይ የተገኘው ሳያስበው መሆኑ ነው እኛን ይበልጥ ያሳሰበን።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ፤ ምክንያቱም ብዙዎች በቀልድም ቢሆን «እስቲ እንዴት ነው የሚሠራው?» ብለው ጠይቀውናል።

ሽቦ በነጻ ይገኛል ማለት ይቻላል፣ የሚፈልግበትን ቦታ ለሚያውቅ። ቤት የሚያስገቡ የኤሌክትሪክ ሠራተኞች የሚጥሉት ቁርጥራጭ አለ። ለመብራት የሚዘረጋው 1.5 ካሬ የሚባለው አንድ ዘንግ ሽቦ ውፍረቱ 1.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ለአንባርና ለቀለበት ይሆናል። አንድ ቀለበት ሦስት ዙር ሲጠመጠም ከነጫፉ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ይበላል፤ ስለዚህ ከአንድ ሜትር አምስት ቀለበት ይወጣል። ጨሌ ለመሰካት ግን ይህ ይወፍራል። ለዚያ የተሻለው ኢንተርኔት የሚዘረጉ ሰዎች የሚጥሉት የኔትወርክ ገመድ ነው፤ በውስጡ ግማሽ ሚሊ ሜትር የሆኑ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ፣ የየራሳቸው ቀለም ያለው ልባስም አላቸው። ልባሱን ሳንልጥ እንዳለ የሠራነው ጉትቻ ከሁሉ ይበልጥ ተወዶልናል። የዲሽ ገመድ ግን ያታልላል። መሐሉ መዳብ መስሎ ብዙ ጊዜ ብረት ነው፤ ማግኔት ቢያስጠጉት ይጋለጣል። ርካሹ የኔትወርክ ገመድም እንዲሁ አንዳንዴ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፤ በቢላ ጫፍ ቢፋቅ ነጭ ሆኖ ይታያል፣ ሁለት ጊዜ ሲጠመዘዝም ይሰበራል።

መሣሪያ የምንለው አንድ ሹል አፍ ፒንሳ፣ አንድ የጥፍር መቁረጫ፣ አንድ ሞረድ (እሱም ባይኖር የብርጭቆ ወረቀት) እና የእስክሪብቶ ቀፎ ነው። ሽቦው በቀፎው ላይ ሲጠመጠም እኩል የሆነ ክብ ይወጣል፤ ለትልቅ ክብ የባትሪ ድንጋይ፣ ለአንባር ጠርሙስ። ከጥቂት መጠምዘዝ በኋላ መዳቡ ይደርቃል፣ እንቢ ይላል። ያን ጊዜ በከሰል ምድጃ ላይ ደብዘዝ ያለ ቅላት እስኪያሳይ አግሎ ውኃ ውስጥ መጨመር ነው፤ ይለሰልሳል። ብረት እንዲህ ቢደረግ ይጠነክራል ብለን ስለተማርን መዳብ በተቃራኒው መሆኑ አስደነቀን። በመማሪያ ክፍል በፊዚክስ ሰምተነው ያለፍነውን ነገር ጣታችን ሲያውቀው ይህ የመጀመሪያው ጊዜ ነበር።

ስሕተታችንንም እንናገር። በመጀመሪያው ሳምንት ልባሱን መላጥ ሰለቸንና ሽቦውን ሰብስበን በእሳት አቃጠልነው። ጭሱ ዓይናችንንና ጉሮሯችንን ሲያቃጥለን ዋለ፤ የጎረቤት እናቶችም ሰደቡን፣ ልክ ነበሩ። የፕላስቲክ ልባስ ሲቃጠል የሚወጣው መርዝ ነው። በቢላ በትዕግሥት መላጥ እንጂ ሌላ መንገድ የለም። ሁለተኛው፣ ከገበያ የገዛነው ርካሽ የጆሮ መንጠቆ የአንዲት እኅታችንን ጆሮ አሳበጠ። ኋላ ስንጠይቅ ኒኬል የሚባለው ማዕድን ብዙ ሰው የማይስማማው መሆኑን ተረዳን፤ የአውሮፓ ማኅበር በ1994 እ.ኤ.አ. በጆሮ ጌጥ ላይ በሕግ የገደበው ይኸንኑ ነው። መዳቡም ቢሆን በላብ አረንጓዴ ይሆናል፤ እሱ በሎሚና በጨው ይጸዳል፣ በተወጋ ጆሮ ውስጥ ግን አንከትም። ስለዚህ መንጠቆውን ብቻ ከአንጥረኛ በምንገዛው ቀጭን የብር ሽቦ መሥራት ጀመርን። ወጪው ያስፈራል እንዳይባል ሒሳቡን እናሳይ። ለአንድ ጥንድ መንጠቆ የሚሄደው ግማሽ ግራም ገደማ ነው። አያቶቻችን አቅልጠው ጌጥ ያሠሩበት የነበረው፣ 1780 የሚል ዓመት የተጻፈበት የማሪያ ቴሬዛ ብር 28 ግራም ይመዝናል፤ ከአንዱ ብቻ ከአምሳ ጥንድ በላይ ይወጣል ማለት ነው።

ለጨሌው ደግሞ ገንዘብ ሲያልቅብን ወደ አጥር ወጣን። በደጋችን በየአጥሩ የሚተከለው ቆርች ደማቅ ፍሬ አለው፤ በጋለ መርፌ ይበሳና ይሰካል። (ፍሬው መርዝ ስላለው ሕፃን በአፉ እንዳያደርገው ለገዢው ሁሉ እንናገራለን።) ዛፉ በሳይንስ ስሙ የእስኮትላንዱን መንገደኛ የጀምስ ብሩስን ስም ይዟል። ብሩስ በዚህ አገር ሳለ የዚህን ዛፍ ዘመድ ፍሬ ወርቅ ሲመዘንበት አይቶ፣ ስሙ «ቋራ» ነውና የወርቅና የዕንቁ መለኪያ የሆነው «ካራት» ከዚህ ወጣ ብሎ ጽፏል። ሊቃውንቱ ቃሉ ከግሪክ ነው ይላሉ፤ እኛም ከሊቃውንቱ ጋር ነን፣ ለገዢ ስንተርክ ግን የብሩስን ታሪክ ሳንነግር አንቀርም። ከዚህ ሌላ ያለፈ ዓመት የፈተና ወረቀትና ጥራዝ በቀጭኑ ተቆርጦ፣ በስፒል ላይ ተጠቅልሎ፣ በሙጫ ተለብጦ ዶቃ ይሆናል። የአንድ መምህራችን ከባድ የሒሳብ ፈተና ዛሬ በደሴ መንገድ በአንዲት ወይዘሮ ጆሮ ላይ ተንጠልጥሎ ይጓዛል፤ መምህሩ ይህን ቢያነቡ ይቅርታ እንጠይቃለን።

አንድ ነገር ግን አንሠራም። በአዲስ አበባ ዙሪያ ባዶ የጥይት ቀልሃ አቅልጠው ዶቃ የሚያወጡ ባለሙያዎች አሉ፤ ሥራቸውን እናደንቃለን። አንዳንዶች እናንተም ከሜዳ ልቀሙ ብለውናል። ጦርነት ባለፈበት ሜዳ ላይ ያልፈነዳ ነገር ከቀልሃው ጋር ይኖራልና ማንም ወንድማችን ወይም እኅታችን ለአንድ ዶቃ ብሎ እንዳይለቅም እንለምናለን።

አሁን ከሁሉ የከበደንን እንናገር። ሃያ ጥንድ ጉትቻ በካርቶን ላይ ሰክተን የመጀመሪያውን ቀን ወደ አውቶቡሱ ስንሮጥ፣ ወጣቶች በመሆናችን ቆሎ ሻጮቹን እናቶች ቀደምናቸው። መስኮቱን ያዝን። መንገደኛው «ስንት ነው?» ሲል ግን እርስ በርሳችን ተያየን፤ አንዱ አንድ ዋጋ፣ ሌላዋ ሌላ ዋጋ ጠራች። መኪናው ሄደ፤ እኛም አልሸጥን፣ ከኋላችን የነበሩትም ቆሎ አልሸጡ። ከመካከላቸው አንዲት እናት ቅርጫታቸውን መሬት አስቀምጠው «ልጆቼ» አሉን፣ «ዋጋችሁን ሳታውቁ መኪና አትጠጉ። ደግሞ እናንተ መስከረም ሲጠባ ትሄዳላችሁ፤ እኛ እዚሁ ነን።»

ይህን ቃል በስንት ክፍለ ጊዜ የኢኮኖሚክስ ትምህርት አላገኘነውም። የተማረ ልጅ በእረፍቱ መጥቶ የእናቱን መስኮት ቢሻማ ምን ዓይነት ልማት ይባላል? በማግሥቱ ሄደን «እማማ፣ ይቅር ይበሉን» አልን፤ እየተነጋገርንም ከስምምነት ደረስን። እኛ ወደ መስኮት አንጠጋም። ጉትቻው በቆሎ ቅርጫታቸው ጠርዝ ላይ ይንጠለጠላል፤ ቆሎ ሊገዛ የጎነበሰ ዓይኑ ያርፍበታል። ከተሸጠው ከሦስት አንዱ እጅ የእሳቸው ነው። ዋጋውንም በእሳቸው ምክር ተመንነው፤ የዕቃውን ወጪ፣ ከዚያም የፈጀብንን ሰዓት የቀን ሠራተኛ በሚከፈለው ልክ፣ ከዚያ የእሳቸውን ድርሻ። መጀመሪያ አንድ ጥንድ አርባ ደቂቃ ይፈጅብን ነበር፣ በዚያ ሒሳብ የሚገዛን አልነበረም፤ እጃችን ሲለምድ ወደ ሩብ ሰዓት ወረደ፣ ያን ጊዜ ቆመ። ሰዓቱን የማይቆጥር ሰው ራሱን እየሸጠ አተረፍሁ ይላል። በዚያ ክረምት ለአምስታችን የመመለሻ መሳፈሪያና የደብተር አገኘን። ከዚያ ያለፈ ሀብት አላገኘንም፤ አገኘን ብንል ውሸት ነው።

ከጓደኞቻችን የሰማናቸውን ተቃውሞዎችም አንሸሽም። አገር የምትፈልገው ፋብሪካ እንጂ ጉትቻ አይደለም ተብለናል። እውነት ነው፣ የሥራ አጥነት ጥያቄ በሽቦ አይፈታም፤ ይፈታል የሚል ካለ እኛው ቀድመን እንከራከረዋለን። ነገር ግን ፋብሪካውን የሚያቆመው መሐንዲስ ፒንሳ መያዝ የሚያሳፍረው ከሆነ ፋብሪካው በማን እጅ ሊሠራ ነው? አሜሪካዊው ቀራጭ አሌክሳንደር ካልደር በልጅነቱ የገመድ ሠራተኞች በመንገድ ላይ የጣሉትን የመዳብ ቁርጥራጭ እየለቀመ ለእኅቱ አሻንጉሊቶች ጌጥ ይሠራ ነበር፤ ምሕንድስና ተምሮ ተመረቀ፣ በኋላም በሽቦ ሥራው ዓለም አወቀው፣ በዕድሜው 1,800 ያህል ጌጥ ሠርቷል። በደቡብ አፍሪካ ዙሉዎች በሌሊት ጥበቃ ላይ ሳሉ በቁርጥራጭ የስልክ ሽቦ መጎንጎን ጀመሩ፤ ያ የሽቦ ቅርጫት ዛሬ በሙዚየም ይታያል። የሽቦ ነገር ሁልጊዜ በሰላም አለፈ ማለታችን አይደለም፤ በኬንያ የናንዲ ሰዎች እንግሊዞች የባቡር መንገዳቸውን ሲዘረጉ የቴሌግራፉን መዳብ እየቆረጡ አንባር ያደርጉት ነበርና ጠቡን አባብሶታል። ጥበቃችን ይህን ታሪክ ሳይሰሙ አይቀሩም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የመጣው ከራሳችን ወገን ነው። አንድ ሰው «ባህላዊ የአንኮበር ጌጥ» የሚል ካርድ ብትለጥፉበት በእጥፍ ይሸጣል ብሎ መከረን። ለሁለት ሳምንት ያህል ተከራከርንበት፤ ከአምስታችን ሁለቱ ይለጠፍ ባዮች ነበሩ። በመጨረሻ ያልለጠፍነው፣ ያን ጌጥ በእውነት የሚሠሩት አንጥረኞች ዛሬም ስላሉ ነው። የእነሱን ስም በኔትወርክ ገመድ ላይ ብንለጥፍ ትናንት በስድብ የወሰድንባቸውን ክብር ዛሬ ደግሞ በንግድ ልንወስድባቸው ነው። ካርዳችን ላይ የተጻፈው «ከቁርጥራጭ ሽቦ፣ በእጅ፣ ደብረ ሲና» ብቻ ነው።

ከዚህ ተነሥተን ለተማሪዎች ማኅበራችን የምናቀርበው ጥያቄ ትንሽ ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ አንድ ባዶ ክፍል ይፈቀድልን። አራት ፒንሳና ሁለት ሞረድ በማኅበሩ ስም ይገዛ፤ እየተፈረመ ይወጣል፣ እየተፈረመ ይገባል። ከጥገና ክፍል የሚጣለው ቁርጥራጭ ሽቦ በጽሑፍ ለማኅበሩ ይሰጥ፣ እንደገና በበር ላይ እንዳንቆም። በምረቃ ቀን እንግዶች በሚያልፉበት አንድ ጠረጴዛ ይሰጠን። እንዲሁም ከከተማው አንጥረኞች አንዱ፣ ተገቢው አበል ተከፍሎት፣ መጥቶ እንዲያስተምረን እንጠይቃለን፤ ስንቀበለውም ለእንግዳ መምህር በሚደረገው አቀባበል ይሁን። መምህራኖቻችን ከዚህ በላይ ምን ሊረዱን እንደሚችሉ እነሱ ያውቃሉ፤ የኬሚስትሪ ክፍል ለምሳሌ መዳብ እንዳያረንግ የሚቀባ ነገር ቢነግረን በሎሚ ዋጋ ከመጨነቅ እንድን ነበር።

ለዚያ በሰልፍ ላይ ለጠየቀን ጓደኛችን ደግሞ፤ አዎን፣ ቀጥቃጭ መሆን እየሞከርን ነው፣ ገና አልቻልንም። የምረቃህ ቀን እናትህ ከሩቅ አገር እንደሚመጡ ሰምተናል። አንድ ጥንድ ጉትቻ፣ መንጠቆው የብር፣ ለእሳቸው ሠርተን አስቀምጠናል፤ መጥተህ ውሰድ።

ክፍሉ እስኪፈቀድ ድረስ ቅዳሜ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ከቤተ መጻሕፍቱ ኋላ ካለው ዛፍ ሥር እንገኛለን። ፒንሳ ያለው ፒንሳውን፣ የሌለው ያለቀ እስክሪብቶውን ይዞ ይምጣ። የመኝታ ቤቱ ሽቦ ግን በግድግዳው ላይ ይቆይ።